ጋሼ ንጉሤ በሰው ስም የተሳሉት ስለት

በየሰፈሩ በሰው አፍ ቃል የሚገባ አንድ ሰው አይጠፋም። እድር ላይ «ድንኳኑን እሱ ይተክላል» ብሎ አንተን የሚጠቁምህ፣ ሠርግ ሲመጣ «ወጡን እሷ ትሠራዋለች» ብሎ ሚስትህን ለወጥ ቤት የሚሰጥብህ፣ እሱ ነው። አንተ ቤትህ ጋደም ብለህ ሳለ ደግነትህ ከተማውን ዞሮ ይመጣል። የሸዋ ሮቢቱ ግን ከሁሉም ይለያል። ክቡር አቶ ንጉሤ፣ ልብስ ሰፊው፣ በሰው ስም ቃል የሚገቡት ለእድር ወይም ለሠርግ አይደለም። በቀጥታ ለመልአኩ ነው።

የጋሼ ንጉሤ የስፌት መኪና ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፤ ዋናው እንጀራቸው ግን ሰው ለስለቱ የሚያሠራው የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነበር። ከፋዩን ወጥረው፣ ወርቃማ ዘርፉን ዙሪያውን አውርደው እንደ እሳቸው የሚሰፋ በይፋት ቆላ የለም፤ ይህን የሚጠሏቸውም ይመሰክራሉ። የሚገርመው ምንድን ነው፣ ጃንጥላ ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ የሚመልሱት ራሳቸው ናቸው።

«ምን ሆነህ ነው የተሳልከው?» ይላሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ላሜ ታማብኝ ነው ጋሼ።»

«መልአክ ፀሐይ አይመታውም! ዕቃ ቤቱ ጃንጥላ ሞልቶታል። ሌላ ነገር ተሳል።»

«ምን ልሳል ታዲያ?»

«ቀላል ነው። አንተ አትድከም፣ እኔ እሳልልሃለሁ።»

ጉድ የሚፈላው ከዚህ በኋላ ነው።

በላይ ሥጋ ሻጩን እንውሰድ። በላይ ቅዳሴ የማያስታጉል፣ የሱቁን ግድግዳ ከሥላሴ ጀምሮ እስከ ጻድቃን በሥዕል የሞላ ሰው ነው። ሚዛኑ ብቻ ትንሽ ትቸኩል ነበር፤ ሥጋው ገና ሳያርፍባት ኪሎ ትሞላለች። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጥ ሲል ጃንጥላ ሊያሠራ መጣ፤ ጋሼ ንጉሤ መለሱት። በሚካኤል ንግሥ ዕለት፣ የተሳለውና ስለቱን ያደረሰው ሁሉ ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ፣ ጋሼ ንጉሤ ማይኩን ከዲያቆኑ እጅ በትሕትና ተቀበሉና፣ «ወንድማችን በላይ፣ ልጁ ፈተናውን ካለፈለት ሚዛኑን ሊያስተካክል ተስሏል!» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። በላይም ምን ያድርግ፣ አጨበጨበ። በዘንድሮ ፈተና ደግሞ ማን ያልፋል ብሎ ተጽናንቶ ነበር። ልጁ አለፈ። ከዚያ ወዲህ በበላይ ሱቅ አንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ኪሎ ሆኗል።

እትዬ ጌጤ ደግሞ ጉልበታቸው ከዳነ በፍልሰታ የሰው ስም ላያነሡ ተሳሉ፤ ማለት ጋሼ ንጉሤ ተሳሉባቸው። ጉልበታቸው ዳነ። ሱባኤውን እንደምንም ፈጸሙት፤ «ስሟን አልጠራም፤ ብቻ ያቺ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችው፣ ባሏ ቀይ ሞተር የሚነዳው፣ ባለፈው ዶሮ ጠፋኝ ያለችው...» እያሉ። ባለ ባጃጁ አቤልም አልቀረለትም። የአቤል ባጃጅ መስታወት ላይ ቅዱሳን ከመብዛታቸው የተነሣ መንገዱ አይታየውም፤ ለኪዳን የሚሄዱ አሮጊቶችን ግን ዓይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። የቤንዚን ሰልፍ ላይ ተስፋ ቆርጦ ቆሞ ሳለ፣ ከኋላው አንድ ድምፅ «ቤንዚኑ ከደረሰህ አሮጊቶቹን በነጻ ልታደርስ ተስዬልሃለሁ» አለው። ደረሰው። ይኸው ዛሬም ያደርሳል፤ ማጉረምረሙን ግን አልተወም።

መምሬ በረከት አንድ ቀን ጠርተው ገሠጿቸው።

«ንጉሤ፣ ስለት የሚያስረው የተሳለውን ሰው ነው። በሰው አፍ መሳል ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?»

«ልክ ነዎት አባቴ። እኔም ማንንም አላሰርኩም፤ ለመንኩለት እንጂ። ካልፈለገ ልጁ ይውደቅለት።»

መምሬ በረከት ፈገግታቸውን በጺማቸው ሸሸጉና መስቀል አሳለሟቸው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው!

በዚህ ሁሉ ከማንም ይልቅ ስትስቅ የኖረችው ሰብለ ናት። በሰው ላይ ሲሆን ያስቃላ።

ሰብለ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ምግብ ቤት አላት። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ የጾም በያይነቷን ያውቃል። ወጥ ቤቷ ሁለት ወገን ነው፤ የጾም ድስት በቀኝ፣ የፍስክ ድስት በግራ። ቢላውም፣ ማማሰያውም፣ ጭልፋውም እንደዚያው። አንድ ጊዜ አንዲት አዲስ ሠራተኛ የፍስኩን ጭልፋ የጾሙ ሽሮ ውስጥ ብትነክር፣ ሽሮው እንዳለ ለውሻ ተደፋ። ውሻው ብቻ ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን ሳያውቅ በላ። ሰብለ ኪዳን ሳታደርስ ምድጃ አትለኩስም፤ የማኅበሯን ወር ተራ አታዛንፍም። ይህን ሁሉ ለታይታ የምታደርገው እንዳይመስላችሁ፤ ከልቧ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ከጾሙና ከፍስኩ ሌላ አንድ ሰሞን ሦስተኛ ወገን ነበር። እሱም የእህቷ የሜሮን ሳህን ነው።

ታናሽ እህቷ ሜሮን አጣዬ ትኖር ነበር። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ የለበሰችውን ብቻ ይዛ ወጣች። ማሳ ለማሳ በእግሯ ስትመጣ ጉልበቷ ከዳት፤ ተዳፋቱ ላይ የሚኖሩ ሐሚድና ፈይዛ የሚባሉ ገበሬ ባልና ሚስት አንሥተው ቤታቸው አስገቧት። በዕለቱ ፈይዛ ቤት የነበረው የፍየል ሥጋ ነበር። ፈይዛ የሜሮንን ራስ ደገፍ አድርጋ መረቁን በማንኪያ አጠጣቻት። ሜሮን ነፍሷ መለስ ሲልላት የቀረበላትን ሳህን ጨረሰች።

በእኛ አገር ክርስቲያን የሙስሊም ሥጋ፣ ሙስሊምም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ዘመኑን ሁሉ ተጎራብቶ፣ ሐዘኑንና ደስታውን ተካፍሎ፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደየድስቱ ይመለሳል። ሜሮን ይህን ታውቃለች። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ግን ማንም ሳይጠይቃት፣ እህት ለእህት እንደሚያወራ፣ የሆነውን ሁሉ ለሰብለ ነገረቻት። ሰብለ አቅፋት አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ባለ ሰማያዊ ጠርዝ የቆርቆሮ ሳህን አወጣችና ለእህቷ ለብቻዋ በዚያ አቀረበችላት። ሳህኑ ሲታጠብም ከሌሎቹ ጋር አልተደረደረም፤ ከጓዳው በር ጀርባ ሚስማር ተመታለት።

መምሬ በረከት ሜሮንን ናዘዟት። «ልጄ፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆነሽ ነው የቀመስሽው። እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ላጎረሰችሽም ጸልዪላት» ብለው አሰናበቷት። ሳህኑ ግን ከሚስማሩ አልወረደም። ሰብለ ከካህኑ በላይ ካህን ሆና ነበር።

«መምሬ ፈቱኝ እኮ» አለቻት ሜሮን፣ ሳህኑ አሁንም ለብቻው ሲመጣ።

«እሳቸው ይፍቱሽ። እኔ ቤቴን መጠበቅ አለብኝ።»

ሜሮን በማግሥቱ ጨርቋን ጠቅልላ ወጣች። ሳህኑንም ከሚስማሩ አውርዳ ይዛው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ወንዙ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ሽንኩርት ትቸረችራለች። እህትማማቾቹ በአንድ ከተማ ውስጥ ሳይነጋገሩ ክረምትና በጋ ተፈራረቀባቸው። አንዷ ሚካኤልን በላይኛው በር ትሳለማለች፣ ሌላዋ በታችኛው። ሰብለ ስለ እህቷ ሲነሣባት «እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም» ትላለች። ይህን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው የሚጣላው።

የሰብለ ባል መስፍን አይሱዙ ይነዳል። ኅዳር እንደገባ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደሴ ሲወጣ መንገድ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። ሰብለ ከዚያ በኋላ ወጥ ትሠራለች እንጂ አትቀምስም፤ በየመኪናው ድምፅ በር ላይ ትወጣለች። አንዱ ሹፌር «ካራቆሬ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ» ይላታል፤ ሌላው «ኧረ እሱ ሌላ መኪና ነው» ይላታል። መጽናኛ የሚሰጧት ሰዎች ዓይኗን እያዩ አለማውራታቸው ከሁሉ ይበልጥ አስፈራት። በመጨረሻ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዱን ተሻገረችና ጋሼ ንጉሤ በረንዳ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጃንጥላ ይስፉልኝ። ትልቁን። ከፋዩ ቀይ፣ ዘርፉ ወርቅ።»

ጋሼ ንጉሤ አንገታቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ሰውን የሚያዩት ቀረብ ብለው ነው።

«ለመስፍን ነው?»

«ለመስፍን ነው።»

«የኔ ልጅ፣ መልአክ እኮ ፀሐይ...»

«በሚካኤል ይዤዎታለሁ ጋሼ! ዛሬ አይቀልዱብኝ። እርስዎ ይስፉልኝ ብቻ።»

ጋሼ ንጉሤ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ከዚያም «እሺ» አሉ። «ለንግሡ ይደርስልሻል።» ከዓመታት ወዲህ እሳቸው ለጃንጥላ እሺ ያሉበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ፣ ሰብለ ያኔ መጠርጠር ነበረባት። የጨነቀው ሰው ግን አይጠረጥርም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቆላው ሁሉ ወጣ። ታቦቱ ዑደት አድርጎ በቆመበት ስለት መጠራት ተጀመረ። ጋሼ ንጉሤ ባዶ እጃቸውን ብቅ ሲሉ ሰብለ ጃንጥላውን ሌላ ሰው ይዞላቸው ይሆናል ብላ አንገቷን አሰገገች። እሳቸው ማይኩን ተቀበሉ።

«እህታችን ሰብለ፣ ባለቤቷ መስፍን በሰላም ከገባላት...»

ሕዝቡ ጆሮውን ሰጠ። መስፍንን የማያውቅ የለም።

«...ከእህቷ ከሜሮን ጋር በአንድ ሳህን ልትበላ ተስላለች!»

እልልታው ቀለጠ። እልል ያላለችው በታችኛው በር በኩል የቆመች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች።

ሰብለ ጋሼ ንጉሤን ያገኘቻቸው ከዋርካው ሥር ነው። ክፉኛ ተናዳ ነበር።

«ማን... ማን ይሳሉልኝ አለዎት?»

«ከፋዩ አልቆ ነው።»

«ምን?»

«ከፋዩ አልቋል የኔ ልጅ። የነበረኝ ይኸው ብቻ ነው።»

አሁን የሰብለን ጭንቅ ተመልከቱልኝ። ማታና ጠዋት «ባሌን አምጣልኝ» ብላ ትጸልያለች። ጸሎቱ አልቆ አሜን ከማለቷ በፊት ግን «እሺ፣ ያልሽውስ?» የሚላት ይመስላታል። አላልኩም እንዳትል፣ እውነትም አላለችም፤ ግን አላልኩም ብላ መስፍን ባይመጣስ? ብያለሁ እንዳትል ደግሞ፣ ያንን ሳህን ታስታውሳለች። ሜሮን ወንዙ ዳር ካለው በሯ ላይ ቆማ ስትመለከታት ይታያታል። ከዚያስ ሞት ይሻላል አለች በልቧ፤ ከዚያ ደግሞ ሞት የሚለውን ቃል በማንሣቷ ደንግጣ አማተበች።

ብልሃት አልጠፋትም። በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ደብረ ሲና ወጣች። እዚያም ጃንጥላ የሚሰፋ ሰው አለ። በዚያ ብርድ ነጠላዋን ደራርባ፣ እየተንቀጠቀጠች ሱቁ ገባች።

«ቀይ ከፋይ፣ ወርቅ ዘርፍ፣ ትልቁን» አለችው።

ሰውየው ትክ ብሎ አያት። «ከሸዋ ሮቢት ነሽ?»

«አዎ።»

«ለመስፍን ነው?»

ሰብለ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ጋሼ ንጉሤ ደውለውልኛል። ከፋይ አልቋል» አላት ሰውየው፣ ከኋላው መደርደሪያው ላይ የተቆለለውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ከፋይ በትከሻው ሊከልል እየሞከረ።

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲመጣ፣ ሰብለ የደራረበችውን አንድ በአንድ እያወለቀች በመስኮቱ ታያለች። መጀመሪያ ሁለቱን ልብስ ሰፊዎች በልቧ ስትራገም ቆየች። ሲደክማት ተወችው። ሲደክማት ነው እውነቱ የመጣላት። ጃንጥላውን እንዲህ አጥብቃ የፈለገችው ሚካኤል ስለሚወደው አልነበረም። ከእህቷ ስለሚቀላት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ቤቷ ስትገባ ግን ከጓዳው በር ጀርባ ያለችውን ባዶ ሚስማር ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። ልትነቅላት ሞከረች፤ አልነቀል አለች።

የነቢያት ጾም ገባ። አንድ ቀን፣ ምግብ ቤቱ በምሳ ሰዓት ጢም ብሎ ሳለ፣ ከወደ ሰሜን የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ሰብለ ያንን ጥሩንባ ከሺህ ጥሩንባ መሐል ትለየዋለች። የያዘችውን ትሪ በማታውቀው ደንበኛ ጭን ላይ አስቀምጣ ወጣች። አይሱዙው አቧራ ለብሶ ቆሟል፤ የጫነው ሽንኩርት ጆንያውን በስቶ በቅሎ አረንጓዴ ሆኗል። መስፍን ጺሙን አሳድጎ፣ ከስቶ፣ ግን በሁለት እግሩ ወረደ። ሰብለ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ትስቃለች። ሰዉም «እፎይ፣ ተመስገን» እያለ ከበባቸው። ጋሼ ንጉሤ ከበረንዳቸው ብድግ ብለው ቆመው ነበር፤ ማን እንደመጣ ከሩቅ ስላልለዩ አላፊውን ሁሉ «እሱ ነው? እሱ ነው?» ይላሉ።

ሰብለ ባሏን ውስጥ አስገብታ እጁን አስታጥባ ሽሮ አቀረበችለት።

«የት ነበርክ?»

«ሐሚድ ቤት።»

«የቱ ሐሚድ?»

መስፍን እጁን ከትሪው ሰበሰበ። «የሜሮን ሐሚድ። ቤቱን እሷ ናት ያሳየችኝ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሽንኩርት አወርድላቸዋለሁ። ትቆጫለሽ ብዬ አልነገርኩሽም። መንገዱ ሲዘጋ የማውቀው ቤት የእነሱ ነበር፤ ግባ አሉኝ፣ ገባሁ።»

«ምን በላህ ታዲያ እዚያ?» ከአፏ አመለጣት። እንዳመለጣት ደነገጠች።

መስፍን አልተቆጣም። «ሽሮ። ሲሆን ደግሞ የማሾ ንፍሮ» አላት። «ፈይዛ ለብቻው ያስቀመጠችው ድስት አላት። ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ከቆጡ አውርዳ በሱ ነው የምትሠራልኝ። ‹ይኼ የክርስቲያን እንግዳ ድስት ነው፣ ሳትሰጋ ብላ› አለችኝ። መቼ ገዛሽው ብላት፣ ‹ያቺ ልጅ ከሄደች በኋላ ነው› አለች። ‹እኔ ወላሂ ነፍሷን ላድን ብዬ ነው ያበላኋት፤ አላህ ያውቃል። በልታ ስትጨርስ ግን እንባዋ ሳህኑ ላይ ጠብ ሲል አየሁ። ወገኖቿ ዘንድ ስትገባ በኔ ማዕድ አንገቷን እንዳትደፋ ሰጋሁ። ሌላ ሰው ሲመጣ እንዲህ እንዳይሆን ብዬ ድስት ገዛሁ› አለችኝ።»

እዚያ ቤት አንድ ድስት ለብቻው ተቀምጧል፣ እዚህ ቤት አንድ ሳህን ለብቻው ተሰቅሎ ነበር። ፈይዛ የለየችው እንግዳዋ እንዳያፍር ነው። ሰብለ ደግሞ ስትለይ እህቷ እንድታፍር ነበር፤ አሁን ለራሷ መዋሸት አልቻለችም። ስንት ኪዳን አድርሳ፣ ስንት ጭልፋ ከስንት ጭልፋ ለይታ፣ አንዲት ገበሬ የይፋት ተዳፋት ላይ ሆና ያወቀችውን አላወቀችም። አፍራ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ተነሣች፤ ከምድጃው ላይ ሽሮውን ከነድስቱ በጨርቅ ያዘች፣ እንጀራ አጣጠፈች፣ ወጣች። ነጠላዋን እንኳ አልደረበችም። በጋሼ ንጉሤ በረንዳ ስታልፍ እሳቸው ክር በመርፌ ለማስገባት ሲታገሉ ነበር። ሽሮው ሸተታቸው መሰለኝ ቀና አሉ፤ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ቀሩ።

ወንዙ ዳር ያለችውን በር አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሜሮን ሽንኩርት ስትለቅም ስለነበር እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ወደ ድስቱ አየች።

«ለስለቱ ነው የመጣሽው?»

«ከቤቴ ስወጣ ለስለቱ ነበር» አለች ሰብለ። «እዚህ ስደርስ ስለቱ ጠፋብኝ። ይቅር በይኝ ሜሪዬ። ቤቴን ጠበቅሁ ብዬ ነው ቤቴን ያፈረስኩት።»

ሜሮን ዞር ብላ ከግድግዳው ላይ አንድ ነገር አወረደች። ባለ ሰማያዊ ጠርዙ ሳህን ነው። አጥባ ሰብለ ፊት አስቀመጠችው። ሰብለ የእጄን አገኘሁ ብላ አንገቷን ደፋች።

«ለብቻዬ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ሜሮን እንጀራውን ሳህኑ ላይ ዘርግታ ሽሮውን ገለበጠችበት። «አንቺ ለብቻሽ መብላት የት ታውቂያለሽ? ጨው አነሰው ብለሽ የምትነዘንዢው ሰው ያስፈልግሻል» አለች። አጠገቧ ቁጭ ብላ ጠቅልላ አጎረሰቻት። «ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ሁለቱም ያን ጊዜ አለቀሱ፤ ሽሮው እውነትም ጨው አልጎደለውም። በልተው ሲያበቁ ሳህኑን ማን ይጠብ በሚል ተጨቃጨቁ። እህትማማችነታቸው ወደ ቦታው መመለሱ የታወቀው ያኔ ነው።

በማግሥቱ ሰብለ ለጋሼ ንጉሤ ምስጋናም ቁጣም ይዛ ተሻገረች። ከየትኛው እንደምትጀምር እያሰበች በረንዳው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። እሳቸው አላዩአትም። የስፌት መኪናዋ ላይ አንድ የተማሪ ሱሪ ብቻ ተጋድሟል። ዘርፍና ከፋይ ይሞላበት የነበረው መደርደሪያ ላይ የሽምብራ ቆሎ የተቋጠረበት ፌስታል አለ። ከሱ እየቆረጠሙ መርፌዋን ከዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ ደግሞ አስጠግተው ይሞክራሉ።

«ምሳ በሉ ጋሼ?»

«በላሁ፣ በላሁ» አሉ ፌስታሉን ወደ ኋላቸው እየገፉ።

ሰብለ ያን ጊዜ ገባት። እኛም ሁላችን ቀስ ብሎ ነው የገባን። ሰውን ሁሉ ከጃንጥላ መልሰው መልሰው የራሳቸውን እንጀራ ነበር የቀነሱት። በላይን፣ እትዬ ጌጤን፣ አቤልን፣ እሷን፤ እያንዳንዳችንን ሲመልሱ አንድ ሥራ ከእጃቸው ይወጣ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ እንደጋረደው፣ ደብረ ብርሃን ቢታከሙ እንደሚገፈፍ ከተነገራቸው ቆይቷል፤ «ዛሬ ነገ» እያሉ ከፍርሃታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ለከተማው ሁሉ የተሳሉ ሰው ለራሳቸው አንድ ቀን ተስለው አያውቁም።

ሰብለ ማመስገኑንም መቆጣቱንም ተወችና ክሩን በመርፌው አስገብታላቸው ተመለሰች።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ስለት ሲጠራ ጋሼ ንጉሤ እንደ ልማዳቸው ወደ ማይኩ ሲጠጉ አንዲት ሴት ቀደመቻቸው። ሰብለ ማይኩን ከዲያቆኑ እጅ በትሕትና ተቀበለች። ሜሮን ከኋላዋ ቆማ ቀሚሷን ይዛታለች።

«ጋሼ ንጉሤ፣ ታክመው ዓይናቸው ከበራላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ምሳቸውን እኔ ቤት ሊበሉ ተስለዋል!»

የዚያን ዕለት እልልታ ደብረ ሲና ሳይሰማ አልቀረም። በላይ ሁለት እጁን አንሥቶ አጨበጨበ፤ ዕዳውን የመለሰ ያህል ደስ ብሎታል። መምሬ በረከት ወደ ሰማይ አዩ። ጋሼ ንጉሤ ግን በቁጣ ቀልተው፣ «ማን... ማን ተሳዪልኝ አለሽ?» አሉ።

«ከፋይ አልቆብኝ ነው ጋሼ።»

መስፍን ራሱ ነድቶ ደብረ ብርሃን ወሰዳቸው። መንገዱን ሁሉ ሲነጫነጩ ሄዱ፤ ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ ግን የመስፍንን እጅ አልለቅም አሉ። ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ቁልቁለቱን እያዩ፣ «ይኼ ሁሉ ዛፍ እዚህ ነበር?» ይላሉ። ሸዋ ሮቢት ሲገቡ በላይ ሱቅ በር ላይ አስቁመው ሚዛኗን ዘለግ ላለ ጊዜ ተመለከቷት። ልክ ነበረች።

ለመጀመሪያው ምሳ ሲመጡ በላተኛው ሁሉ ቀና አለ። ሰብለና ሜሮን ትሪውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ጋሼ ንጉሤ በአዲሱ ዓይናቸው ቤቱን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። ጣራው ጥቀርሻ እንዳለው፣ ጥግ ያለው ወንበር አንድ እግሩ አጭር እንደሆነ አስታወቁ። ከጓዳው በር ጀርባ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህቺ ሚስማር ምን ትሠራለች እዚህ?»

እህትማማቾቹ ተያዩ።

«አልነቀል ብላኝ ነው» አለች ሰብለ። «ኮፍያዎትን ይስቀሉባት።»

ጋሼ ንጉሤ ኮፍያቸውን ሰቀሉና ከሁለቱ መሐል ቁጭ አሉ። «ስለት ነው፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ትሪው እየሰደዱ።